አያ ሰይድ የተቀመጡበት ልጥፍ

ባለፈው ወር መኪናዬን ላሠራ አንድ ጋራዥ ገብቼ ወረፋ ስጠብቅ፣ ከጎኔ አንዱ ሠራተኛ የሙጫ ቆርቆሮ ከፈተ። ሽታው መጣ። በበሰለ ሙዝ ላይ ቤንዚን ያፈሰሱበት የሚመስል፣ የሚጣፍጥም የሚያቃጥልም ሽታ ነው። ሰውየው "እትዬ፣ ራስ ያማል፣ ወጣ ይበሉ" አለኝ። አልወጣሁም። የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ ጂዳ፣ ሰቢል ሰፈር፣ አያ ሰይድ ግቢ ውስጥ ቆሜ ነበር።

በዚያ ዓመት ሰቢል ውስጥ በአንዲት ክፍል እንኖር ነበር። እንኖር ነበር ስል አባቴና እኔ ማለቴ ነው። እናቴ ፋጡማ ሳፋ በሚባል ሰፈር፣ አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ በሠራተኝነት ስለምትሠራ አዳሯም እዚያው ነው። ማዳሟ ስትፈቅድላት ሐሙስ ቀትር ላይ ሄደን እናመጣታለን፣ አርብ ማታ እንመልሳታለን። ያኔ ከአገር ቤት፣ በተለይ ከወሎ፣ ለቤት ሥራ የሚመጡት ሴቶች ብዛት ጉድ ያሰኝ ነበር። አባቴ ይመር አሮጌ ነጭ ቫን ነበረችው። በሥራ ቀን አትክልት ያመላልስባታል፤ ሐሙስና አርብ ሴቶቹን ከየማዳማቸው ቤት ሰብስቦ ዘመድ ቤት ወይም መካ ያደርሳቸዋል።

ነበረችው አልኩ እንጂ ቫኗ በወረቀት የአባቴ አልነበረችም፤ የከፊሉ ነበረች። ከፊል የሚባለው እዚያ አገር የሚያሠራህና ስለ አንተ የሚጠየቀው ዐረብ ነው። ትምህርት ቤት ግን አማርኛ መምህራችን "ከፊል ማለት ያልሞላ፣ ጎደል ያለ ማለት ነው" ብለው ስላስተማሩን፣ የአባቴ አሠሪ ግማሽ ሰው ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን በራችን ላይ ሙሉ እጅና ሙሉ እግር ይዞ ቆሞ ሳየው፣ ሌላ ሰው ልኮ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ሌላም ያሳሳተኝ ነገር ነበር። አባቴ ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብሎ የቫኗን ሆድ እያየ "ባሕሩ በላት እኮ፤ ጨርሶ በላት" ይላል። የጂዳ አየር ጨው ስላለበት ብረት ቶሎ ይዝጋል፤ እሱን ማለቱ ነበር። እኔ ግን ሁላችንም ስንተኛ ባሕሩ ተነሥቶ፣ በየቅያሱ እየዞረ፣ የመኪኖቹን ታችኛውን ታችኛውን ልሶ የሚመለስ ይመስለኝ ነበር። ጠዋት መንገዱ ላይ እርጥበት ካየሁ የእግሩ ዱካ ነው እላለሁ። አልፈራሁትም። ብረት የሚበላ ጎረቤት ስላለን እንዲያውም ኩራት ቢጤ ይሰማኝ ነበር።

አንድ ሐሙስ እናቴን ይዘን ከሳፋ ስንመለስ ከኋላ ቆሜ ነበር። እናቴ "ሰሚራ፣ ተቀመጭ እንጂ" ስትለኝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። ምንጣፉ ከእግሬ ሥር ሰመጠ። ግራ እግሬ እስከ ጉልበቴ ወርዶ አየር ላይ ተንጠለጠለ፤ ነፋሱ ጫማዬን ነጥቆኝ ሄደ። እናቴ ጮኸች። አባቴ ዳር ይዞ እስኪያቆም እሷ በብብቴ ይዛ መንጭቃ አወጣችኝ።

ምንጣፉን ሲገልጡት የትሪ ስፋት ያለው ቀዳዳ ወለሉ ላይ አፉን ከፍቷል፤ ጠርዙ እንደ ደረቅ ቅጠል ይፈረፈራል። እናቴ እግሬን እያሻሸች ስታለቅስ እኔ አንገቴን አስግጌ በቀዳዳው አይ ነበር። አሁን አስፋልቱ ቆሟል። ቅድም ግን ሲሮጥ አይቼዋለሁ። እኛ ተቀምጠን ስናወራ መሬት ከሥራችን እንደዚያ እንደምትሮጥ ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

"ይመር፣ በዚች መኪና ልጄን አንድ ስንዝር አትወስዳትም" አለች እናቴ።

"ረውዳንስ ምን ልበላት?"

 ረውዳ ከእናቴ ጋር አንድ ቤት ውስጥ የምትሠራ ልጅ እግር የሐርቡ ልጅ ናት። ውሏ አልቆ ከሳምንት በኋላ አገር ልትገባ ነው። ማዳም "ለዑምራ እወስድሻለሁ" እያለች፣ መካን ለመጎብኘት ማለት ነው፣ ሳትወስዳት ጊዜው ስላለቀ፣ አባቴ በመጪው ሐሙስ መካ ሊያደርሳት ቃል ሰጥቷታል። ለእናቴም አብራት እንድትሄድ ተፈቅዶላታል።

"መካን ሳታይ እንዴት ትመለሳለች?" አለ አባቴ። "አያ ሰይድ ይዩልኝ።"

አያ ሰይድ ከእኛ ሁለት ቅያስ ወረድ ብሎ የሚኖሩ የኮምቦልቻ ሰው ነበሩ። አገር ቤት ባትላሜራ ነበሩ፤ የተጋጨ መኪና አካል እየቀጠቀጡ የሚያቃኑ። ጂዳ የገቡት ግን በየመን በኩል፣ በጀልባ ነው። ኢቃማ ስላልነበራቸው፣ ማለትም የመኖሪያ ወረቀት፣ ጋራዥ መቀጠር አይችሉም። ብየዳም ብልጭታው ሰው ስለሚጠራባቸው አይነኩም። ስለዚህ በግንብ በተከለለች ግቢያቸው ውስጥ የሚሠሩት ልጥፍ ብቻ ነበር፤ ዝገት የበላውን በጣሳ፣ በፋይበርና በሙጫ መድፈን።

ባለ መኪናዎቹ "ምን አደረጉላት?" ሲሏቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ "ሙአቀት ናት።" በዐረብኛ ጊዜያዊ ማለት ነው፤ ዋናው ጋራዥ እስኪሠራት ማለታቸው ነበር። የእኔ የመንገድ ዐረብኛ እዚያ ድረስ አልዘለቀም። ሙአቀት የዕቃው ስም መስሎኝ፣ በዓለም ላይ እንደ ሙአቀት የሚጠነክር ነገር የለም ብዬ አምን ነበር። ሰቢል ውስጥ ከሚሽከረከሩት መኪኖች ግማሾቹ በእሱ የቆሙ ነበሩ። በጎረቤታችን መኪና በር ውስጥ በዱቄት ወተት ጣሳ የለጠፉት ላይ አንዲት ላም ሣር ስትግጥ ትታይ ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሰላም እላታለሁ።

ቫኗን ግቢያቸው ባስገባን ጊዜ አያ ሰይድ በሆዳቸው ተኝተው ከሥር አዩዋት፣ ከዚያ ገብተው ምንጣፉን ሁሉ አነሡ። ዕድሜያቸው ሃምሳ ቢሆን ነው፤ ለእኔ ግን ሽማግሌ ነበሩ። የሽቦ ብሩሽ አንሥተው መፋቅ ጀመሩ። ዝገቱ እንደ በርበሬ ብናኝ ይነሣል። ሲፍቁ ሲፍቁ ቀዳዳው እየሰፋ ሄደ፤ ከትሪ ወጥቶ ሰፌድ አከለ። 

"አያ ሰይድ፣ እያጠፉት እኮ ነው!"

"አብሽሪ" አሉ ሳይዞሩ። "የታመመው ሁሉ ካልወጣ የሚለጠፈው ምን ላይ ይያዛል?"

ንጹሕ ብረት ሲያገኙ የዘይት ጣሳ ቀደው ዘረጉ፣ በቀዳዳው ልክ ቆርጠው በሪቬት ሚስማር መቱት። ከዚያ ከጆንያ ውስጥ ፋይበሩን አወጡ። ነጭ ነው፤ ጥልፍልፍ ጨርቅ ይመስላል። ከመስታወት የተፈተለ ክር ነው ሲሉኝ አላመንኩም፤ ስቄ በክንዴ ዳሰስኩት። ሳምንቱን ሙሉ አሳከከኝ፤ ያኔ አመንኩ።

ትልቁ ነገር ግን ሙጫው ነበር። እንደ ማር ይፈስሳል። ከትንሽ ጠርሙስ ጥቂት ጠብታ ጨምረው ሲያማስሉት ምንም የተለወጠ አይመስልም። "ጣሳውን ንኪው" አሉኝ። ነካሁት። ሞቋል። ትንሽ ቆይቶ እጅ ያቃጥል ጀመር። እሳት የለም፣ ፀሐይም የለም፤ ራሱ ነው የሚግለው። ጨርቁን በሙጫው እያራሱ ደራርበው ለጠፉት። ሲጨርሱ ጣሳው ሥር የቀረችውን ገልብጠው ሰጡኝ፤ ማር የነበረው ድንጋይ ሆኗል፤ ስጥለው ቀጭ አለ። የፈጠሩት እሳቸው መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ ሰፈራችን ውስጥ ድንጋይ የሚያፈስሱ ሰው አሉ እያልኩ አወራ ነበር፤ ያመነኝም የለ።

ፋይበሩን ገና እየዳመጡ ሳሉ "እናቴ ይኼን ብታይ ‹ጨርቅ ስትጥፍ ነው እንዴ ዓረብ አገር የከረምከው?› ትለኝ ነበር" አሉ።

"እናት አለዎት?"

"አለችኝ እንጂ። ስመጣ ‹ቤቱን አይተህልኝ ና› ነው ያለችኝ። ካዕባን። ሌላ አላዘዘችኝም።"

"እና አዩላት?"

ሌላ ጨርቅ ሙጫው ውስጥ ነከሩ። ማታ አባቴን ስጠይቀው ነገሩን አስረዳኝ። ወደ መካ መግቢያው ላይ ኬላ አለ፤ ወታደር ኢቃማ ያያል። የሌለው ሰው ከተያዘ ወደ ተርሂል፣ ማለትም ወደ አገሩ ወደሚባረርበት ቦታ፣ ይወሰዳል። አያ ሰይድ የሚፈሩት መባረሩን አይደለም። "ቤቱን ሳያዩ መባረርን ነው" አለኝ። መካ ከጂዳ ብዙም አትርቅም። እንዲያ ሆነው ዓመታት አለፉ፤ እናታቸው በስልክ "አየኸው?" ባሉ ቁጥር "ኢንሻአላህ በቅርቡ" እያሉ።

በዚያ ሳምንት ጂዳ ደመነች። ሐሙስ ቀትር ላይ እናቴና ረውዳ ተዘጋጅተው በታክሲ ሲመጡ አያ ሰይድ ልጥፉን በጣታቸው ጫን ጫን እያደረጉ ነበር። አንዱ ጠርዝ ላይ ጣታቸው ዱካ ተወ።

"ፀሐይ አላገኘም። አየሩም ረጥቧል። አንድ ቀን ቢጨመርለት..." አሉ።

"ነገ ማታ ማዳም ትፈልገኛለች" አለች ረውዳ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "ሌላ ቀን የለኝም አያ ሰይድ።"

አያ ሰይድ ልጥፉን አዩ፣ ረውዳን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ወደ ቫኗ ገብተው ልጥፉ አጠገብ፣ ጤነኛው ብረት ላይ ተቀመጡ።

"እኔ በለጠፍኩት ላይ ሕፃን ተጭና እኔ ቤቴ አልቀመጥም። እየዳሰስኩት እሄዳለሁ። ከላላ አቁም እልሃለሁ።"

"ኬላውስ?" አለ አባቴ።

"መኪናው ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ ያለሁት? አላህም አለ።"

እናቴ ምንም ሳትል ወደ ቤት ሮጣ ተመለሰች፤ የአባቴን ትርፍ ኢሕራም፣ መካ ሲገቡ የሚለበሱትን ሁለት ነጭ ፎጣዎች ይዛ። "ይልበሱ" አለቻቸው።

"እኔማ መኪናው ውስጥ ነው የምጠብቃችሁ።"

"መካ ድረስ ሄደው መኪና ይጠብቃሉ? ይልበሱ እንጂ።"

ታጥበው ለብሰው ሲወጡ አላወቅኋቸውም። እጃቸው ብቻ የድሮው ነበር፤ ሙጫው ጥፍራቸው ሥር ገብቶ አልለቅ ብሏል። እጃቸውን አሽትተው ተጨነቁ። "ኢሕራም የለበሰ ሰው ሽቶ አይቀባም። ይኼ ሽቶ ይባል ይሆን?"

"ወላሂ አያ ሰይድ፣ ይኼን ሽቶ የሚል አፍንጫ አልተፈጠረም!" አለች ረውዳ፤ እያለቀሰች ሳቀች።

ጉዞ ጀመርን። ከከተማው ወጥተን ብዙም ሳንሄድ ሰማዩ ጠቆረ፣ ከዚያ ዝናቡ ወረደ። እንደዚያ ያለ ዝናብ አይቼ አላውቅም፤ ጂዳ ያደገ ልጅ ዝናብ የሚያውቀው በወሬ ነው። ጣሪያው ላይ ጠጠር የሚደፋብን መሰለኝ። ኬላው ጋ ስንደርስ ላስቲክ የደረበ ወታደር በመስኮቱ ብቅ አለ። የአባቴን ኢቃማ አየ። ሴቶቹን አየ። ከዚያ ዓይኑ ወለሉ ላይ፣ እጃቸውን ልጥፉ ላይ ዘርግተው የተቀመጡት ነጭ ለባሽ ሰው ላይ ቆመ። የእናቴ ጣቶች ክንዴን ሲጨብጡኝ ተሰማኝ።

"ይኼ ሐጂ ወንበር እያለ መሬት ላይ ምን ያደርጋል?" አለ በዐረብኛ።

 አባቴ መዋሸት አልቻለም። "ወለሉ ተቀዶ ተለጥፎ ነው። የለጠፈው እሱ ነው፤ እንዳይለቅ ይዞት ነው" አለ።

ወታደሩ ጎንበስ ብሎ ልጥፉን አየ። ዝናቡ ከቆቡ ጫፍ እየተንጠባጠበ ወደ ውስጥ ይረጨናል። ሳቅ አለ። "በሉ በደንብ ይያዘው። ያላ፣ ያላ!"

አለፍን።  አያ ሰይድ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

መካ፣ ሚስፈላ የሚባለው ሰፈር ስንገባ መንገዱ ወንዝ ሆኗል። ሰፈሩ ካዕባ ካለበት መስጊድ፣ ከሐረሙ፣ በታች ዝቅ ያለ ስለሆነ የተራሮቹ ውሃ ሁሉ ወደዚያ ይወርዳል። ቡናማ ውሃ ካርቶን፣ የላስቲክ ጫማ፣ ከየሱቁ በር የነጠቀውን ሁሉ ይዞ ይመጣል። ከፊታችን የነበረች መኪና ሞተሯ ጠፍቶ ቆመች። ወደ ኋላ መመለሻ የለም።

"ይመር፣ እንዳታቆም። ቀስ ብለህ ንዳ፣ ግን እንዳታቆም" አሉ አያ ሰይድ።

ውሃው ከሥራችን መታን። ልጥፉ ከፍ ሲል በዓይኔ አየሁት። አያ ሰይድ ተንበርክከው በሁለት መዳፋቸው፣ በሙሉ ክብደታቸው ተጫኑት። "ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ" ይላሉ። ያ ያልደረቀው ጠርዝ ላይ ውሃ ማልቀስ ጀመረ። እናቴ ሹራቤን ከላዬ ገፍፋ ወረወረችላቸው፤ እሱን ወተፉበት። እኔም ወርጄ እጄን ከእጃቸው አጠገብ አደረግሁ። ከጨርቁና ከጣሳው በታች ውሃው ይንፈራገጣል፤ ማኅፀን ውስጥ እንዳለ ሕፃን። በእኔና በዚያ ሁሉ ጎርፍ መካከል ያለው ያ ስስ ነገር ብቻ ነበር። አልፈራሁም። ዛሬም ለምን እንዳልፈራሁ ሳስበው ይገርመኛል። ሙአቀት ነው ብዬ ነበር፤ እንዴት ይለቃል?

እናቴና ረውዳ እግራቸውን አነሡ፤ ውሃው በበሩ ሥር መግባት ጀመረ፣ ባልተለጠፈው በጤነኛው በር። ልጥፉ ግን ያዘ። አባቴ መሪውን አንቆ እየጸለየ ወደ ዳገቱ ቅያስ ሲጠመዝዛት ቫኗ አንዴ ተንገዳገደች፣ ከዚያ ጎማዎቿ መሬት ጨበጡ። ውሃው ከሥራችን ወረደ። አያ ሰይድ መዳፋቸውን ለማንሣት ጊዜ ወሰደባቸው። "ያዘ እኮ" አሉ፣ ሌላ ሰው የሠራውን እንደሚያደንቁ ሁሉ። "ሱብሐነላህ፣ ያዘ።"

ዝናቡ ሲያባራ በእግራችን ወደ ሐረሙ ወጣን። እናቴ ልብሴን እየጨመቀች፣ ረውዳ እየሮጠች። አያ ሰይድ ግን በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አባቴ በክንዳቸው ያዛቸው። ምሰሶዎቹን አለፍን፣ ከዚያ ቤቱ ፊታችን ነበር። ጥቁር፣ ትልቅ፣ ከዝናቡ የተረፈው ውሃ ከጣሪያው ባለ ወርቅ አሸንዳ እየወረደ። አያ ሰይድ የሚያውቁትን ሰው እንደሚያዩ አዩት።  ዙሪያው ሰው ሳስቶ ስለነበር ስንዞር ስንዞር ተጠጋን፤ አያ ሰይድም ሁለቱንም እጃቸውን ዘርግተው ግድግዳው ላይ አሳረፉ። መኪናው ወለል ላይ እንዳሳረፉት ዓይነት አልነበረም። አሁን እሳቸው ነበሩ የተያዙት።

የዑምራውን ሥርዓት ሁሉ ጨርሰን ስንወጣ አያ ሰይድ የስልክ ካቢና ፈለጉ። እኔ እጃቸውን ይዤ አብሬያቸው ገባሁ። ኮምቦልቻ ደወሉ።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ" አሉና መነጋገሪያውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

ከመነጋገሪያው የሚወጣው ድምፅ ለእኔም ይሰማኝ ነበር፤ ቀጭን፣ ቆጣ ያለ። "አንተ ሰይድ! ምን ሆነሃል? አመመህ እንዴ?"

ደነገጥኩ። አያ ሰይድን "አንተ" የሚል ሰው በዓለም ላይ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

"አየሁልሽ።"

"ምኑን?"

"ቤቱን። አሁን ከዚያ ነው የወጣሁት።"

 "ምን ይመስላል?" አሉ እናታቸው።

 አያ ሰይድ መነጋገሪያውን ወደ እኔ ዘረጉት። "አንቺ ንገሪያት።"

"ትልቅ ነው" አልኩ። "ጥቁር ነው። ዝናብ መቶት ነበር፣ ግን ምንም አልሆነም። አያ ሰይድ በእጃቸው ነኩት።"

"አንቺ ደሞ የማን ነሽ?"

"የይመር።"

"እሺ የይመር ልጅ። ምን ሆኖ ነው የማይናገረው?"

ቀና ብዬ አየኋቸው። "እያለቀሱ ነው።"

"ስጭው።"

አያ ሰይድ ተቀበሉኝ። "አልሐምዱሊላህ፣ አይተኸዋል" አሉ እናታቸው። "እንግዲህ እዚያ ምን ትሠራለህ? ና ልጄ።"

"እሺ እማዬ" አሉ አያ ሰይድ፤ እኔ እናቴን እሺ እንደምላት።

ረመዳን ሳይገባ እጃቸውን ለተርሂል ሰጡ። አባቴ ነው ያደረሳቸው። እኔ ለብዙ ቀን በግቢያቸው በር ቀዳዳ ባዶውን ግቢ እያየሁ እመለስ ነበር።

ከዚያ ረውዳ ከአገር ቤት ደወለች። ኮምቦልቻ ሄዳ አያ ሰይድ ሲገቡ ተቀብላቸዋለች። እናታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር አለች፤ ሳይስሟቸው፣ ደኅና ነህ ወይ ሳይሉ፣ ቀና ብለው "በየትኛው እጅህ ነው የነካኸው?" አሏቸው። አያ ሰይድም አጠገባቸው ተንበርክከው ሁለቱንም ዘረጉላቸው።